ሲላግ የወደቁት ቀናት

መሞታቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከእንጅባራ መናኸሪያ ወደ ቢሮ እየሄድኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በስልክ ይጮኻል። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ጮክ በል። አዎ፣ አያ ፈንታሁን። የዘንገናው፣ ውሃ ለኪው። ትናንት ቀበርናቸው።» ከዚያ ስለ ድንች ዘር ማውራት ጀመረ። እኔ ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ሹፌሩ «ቢሮሽ ገና ነው እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ» ብዬ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ።

የመጀመሪያ ስሜቴ ሐዘን ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እፎይታ ነው የተሰማኝ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ዓይን ለዓይን አንገናኝም» አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ሐፍረቱ መጣ። እንደ እንግዳ አረፍ ብሎ አልሄደም፤ እንደ ቤተሰብ ተቀመጠ።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ተምሬ፣ እንጅባራ ውስጥ የውሃ ነገር የሚከታተል አንድ ቢሮ በመረጃ ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ስለ ራሴ ብዙ የማወራው የለኝም። ምላሴ ከሐሳቤ እንደሚቀድም ብቻ እወቁልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

አያ ፈንታሁን ከዘንገና ሐይቅ በላይ ድንችና ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ሐይቁ ዳር ቢሮው ያስተከለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት አለ፤ ሰው ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል። የእሳቸው ሥራ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አንብቦ በደብተር መጻፍ ነው። በበዓልም፣ በሐዘንም፣ በዝናብም። ቤታቸው ለተዝካር የመጣ ሰው ሞልቶ ሳለ እንኳ «መጣሁ» ብለው ወርደው አንብበው ይመለሳሉ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ደብተሮቹን ልረከብ የሄድኩ ዕለት ነው። ሐይቁ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ የከተማ ጫማዬን አድርጌ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በሦስተኛው የቀርቀሃ ዱላቸውን አቀበሉኝና «ዳንግላ ጋሪ ለምደሽ ነው፣ እግርሽ መሬት አያምንም» አሉኝ። አነጋገራቸው ቀስ ያለ ነው። ከሚስታቸው ጋር በአዊኛ ሲያወሩ ይፈጥናሉ፤ ወደ አማርኛ ሲመለሱ እያንዳንዱን ቃል ፈትሸው የሚያወጡት ይመስላሉ።

ሜትሩ ጋ ስንደርስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሰው ቤት ሲገባ ባርኔጣ ይወልቃል» አሉ። ብረቱን በመዳፋቸው ጠረጉት። ለማንበብ ጎንበስ ሲሉ ከማዶ ሁለት ፈረሶች ውሃ ሊጠጡ ገቡና ማዕበሉ ወደኛ መጣ። ቀና አሉ። ፈረሶቹ ጠጥተው፣ ቦርቀው፣ እስኪወጡ ቆምን። ውሃው እስኪረጋ እንደገና ቆምን። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

«ይቸኩላሉ ወይ?» ብለው በእርስዎ ቀለዱብኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ሲታወክ የታየ ነገር አይጻፍም» አሉ። አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ዞር ብለው ሰማዩን አዩ፣ ተመልሰው እንደገና አነበቡ። ሁለቱ ሲገጥሙላቸው ብቻ በክር ከደብተሩ ጋር የታሰረውን እስክርቢቶ አነሱ።

ቢሮው የጠየቃቸው ሁለት ነገር ነው፣ ቀኑንና ከፍታውን። እሳቸው ግን ከራሳቸው ሦስተኛ ዓምድ ጨምረው ነበር። እዚያ ላይ «ጨመረች 2»፣ «ቀነሰች 1»፣ «እንዳለች» እያሉ ይጽፋሉ። ሐይቋን እንደ ሴት ነው የሚጠሯት። ለምን እንደሚጽፉት ብጠይቃቸው ገረማቸው።

«ዛሬ ሁለት መቶ አሥር ናት ብልሽ ምን ገባሽ?» አሉኝ።

«ከፍታዋ ሁለት መቶ አሥር ሳንቲም ነው ማለት ነዋ።»

«እሱማ ቁጥር ነው። ከትናንቱ ጋር ስታስተያዪው ነው ወሬ የሚሆነው።»

ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም እኔም ልሠራ የመጣሁት ይህንኑ ነበር። ዱላቸውን ተቀብዬ መሬት ላይ መስመሮች አሰመርኩላቸው። ኮምፒውተር ውስጥ ሠንጠረዥ አለ፣ በየቀኑ አንድ መስመር ይገባል፣ አልኳቸው። ችግሩ እያንዳንዱ መስመር የራሱን እንጂ የጎረቤቱን አያውቅም። ዛሬ ስንት ጨመረች ብዬ ብጠይቀው መልስ የለውም። ስለዚህ የትናንቱን መስመር አምጥቶ ከዛሬው አጠገብ የሚያስቀምጥ አንድ ቃል አለ፤ ከዚያ አንዱን ከአንዱ መቀነስ ነው።

«ትልም ከትልም ማለት ነው» አሉ። እንደ ገበሬ ገባቸው። «ቃሉ ማን ይባላል?»

«ላግ።»

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። «ላግ? አናጢ ነሽ እንዴ?»

«እንግሊዝኛ ነው አያ፤ ወደ ኋላ መቅረት ማለት ነው።»

«እኛ ዘንድ ላግ ሲሉት አናጢ መላጊያውን ያነሳል» አሉ። ከዚያ ያሰመርኳቸውን መስመሮች በጫማቸው ጫፍ እየነኩ ቆዩና «ግን ተጠንቀቂ። ጣውላ ሲላግ ፍቅፋቂ ይወድቃል። የወደቀውንም ጎንበስ ብለሽ እዪው» አሉኝ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ሦስት ደብተር ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያለሱ የሆነው አይገባም። አያ ፈንታሁን የድንበር ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ገበሬ በማሳ ወሰን ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው እማማ ጥሩነሽ እንደነገሩኝ፣ ለምስክር የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ሰምቼ ነው ካለ ያሰናብቱታል። አይቼ ነው ካለ ደግሞ ሌላ አይጠይቁትም። «አይቻለሁ ካለ፣ የቀረው በእሱና በፈጣሪው መካከል ነው» ይላሉ። በዚህ ምክንያት እሳቸው ፊት አይቻለሁ ማለት ሰው ይፈራ ነበር።

ደብተሮቹን ቢሮ አምጥቼ ለሁለት ጊዜያዊ ጸሐፊዎች ሰጠኋቸው። እነሱ ቀኑን በቁጥር፣ ከፍታውንም በቁጥር ተየቡት። ሦስተኛውን ዓምድ «አያስፈልግም፣ እኔ አሰላዋለሁ» ብዬ አስተውኳቸው። ደብተሮቹ በካርቶን ሆነው ጠረጴዛዬ ስር ገቡ። አንዱንም አልገለጥኩም።

የተየቡትን ወደ ሠንጠረዡ ሳስገባ ኮምፒውተሩ ጥቂት መስመሮች አልገቡም አለኝ። ልለፋቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እለፋቸው አልኩት። ሺህ ከሚሆን መስመር ጥቂት ቢጎድል ምን ይሆናል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼም አልለቀምኩ።

ከዚያ ልዩነቱን አሰላሁ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ላይ የቀደመውን መስመር እየቀነስኩ። ውጤቱንም ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩት። ዘንገና ክረምት ከበረታ በአንድ ቀን ሦስት፣ አራት ሳንቲም ትጨምራለች። አንዴ አምስት። ከሁሉም በላይ የወጡት ሦስት መስመሮች ግን አሥራ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት ይላሉ። ቀናቸውን አየሁ። ሦስቱም 01-01 ናቸው፤ ሦስቱም የመስከረም አንድ። ከላያቸው ያለውን መስመር አየሁ፣ 12-30። አሥራ ሁለተኛው ወር አለቀ፣ አንደኛው ጀመረ። ምንም የጎደለ ነገር አልታየኝም።

እዚህ ላይ አንባቢ በእኔ ቢስቅ መብቱ ነው። ስንት ዓመት ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ዓይን፣ ከአሥራ ሁለት በኋላ አንድ ሲመጣ አይደነግጥም።

ውጤቱን አለቃዬ አዩት። እሳቸውም አልደነገጡም፤ እንዲያውም ቶሎ ነው የገባቸው። «በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ?» አሉ። «ግልጽ ነው። ሰውየው በበዓል ሰሞን ጠላው ላይ ተቀምጦ ሐይቁ ጋ አይወርድም። ቤቱ ሆኖ ይገምታል፣ በኋላ ሲያየው ይዘላል።» እኔ ያንን ሰው አውቀዋለሁ፤ ፈረስ ውሃ ጠጥቶ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ነው። አፌን ከፍቼ ይህንን ማለት ነበረብኝ። ያልኩት «ይመስላል» ነው።

ኅዳር ላይ ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ፣ አለቃዬ፣ ሰባት ስምንት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ደግሞ ወሬ ሊሰማ የመጣ ሰው። አያ ፈንታሁን ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሲያዩኝ ፈገግ ብለው «አናጢዋ» አሉኝ። ወረቀቱን እንዳነብ ታዘዝኩ፣ አነበብኩ። ሐይቅ በአንድ ሌሊት አሥራ ሰባት ሳንቲም እንደማይነሳ አስረዳሁ። ድምፄ ያምር ነበር።

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ፣ ሌላውን ጣታቸውን ቀጣዩ ላይ አስቀመጡ።

«ከዚህ እስከዚህ ስንት ቀን ነው?» አሉኝ።

«አንድ ቀን።»

«አንድ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ያሰላው፣ አያ።»

ወረቀቱን አገላበጡት። ወረቀቱ የተጻፈው በቁጥር ብቻ ነው፣ የወር ስም የለበትም። ዓመት፣ ሰረዝ፣ ወር፣ ሰረዝ፣ ቀን፤ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ደግሞ ለእሳቸው ባዕድ ነው። ደብተሮቹ ቢኖሩ ገልጠው ያሳዩን ነበር። ደብተሮቹ ግን እኔ ጠረጴዛ ስር ናቸው። በመጨረሻ ቀና ብለው ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ደብተሬን አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አለቃዬም። አልገለጥኩትም ብል አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እዋረዳለሁ። አባቴ ዳንግላ በምንሄድበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የልጆች አስተማሪ ነው፤ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ፊደል ሳልቆጥር ነው ያስጠናኝ። ምላሴ ቀደመኝ።

«አይቼ ነው» አልኩ።

አያ ፈንታሁን መነጽራቸውን አወለቁ። «ካየሽውማ እኔ ምን እላለሁ» አሉ። ከደብተር የተረፈችውን፣ ክር ያላትን እስክርቢቶ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ እሳቸው አይቻለሁ ያለን ሰው አይጠይቁም።

በሳምንቱ ንባቡ ለሌላ ጎልማሳ ተሰጠ። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አያ ደሴ የሚባሉ፣ ቀልድ የሚችሉ ሽማግሌ፣ ከአዳራሹ ስንወጣ «ውሃ ያላየ ሰውዬ የሰው ድንበር እንዴት ያያል?» አሉ። ሰው ሳቀ። ቀልዷ እኔም ሰፈር ድረስ ደረሰች። ከዚያ በኋላ አያ ፈንታሁንን ለድንበር የጠራቸው የለም።

በዓመቱ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ የአዲሱን አንባቢ ደብተር አስገባሁ። ጥቂት መስመሮች አልገቡም አለኝ። እለፋቸው። ልዩነቱን አሰላሁ። ከላይ የወጣው 01-01፣ አሥራ ሦስት ሳንቲም።

አለቃዬ በትከሻዬ በኩል አይተው «ይኼኛውም ይጠጣል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሳቸው እስኪወጡ ጠብቄ ካርቶኑን ከጠረጴዛ ስር ሳብኩት። የአያ ፈንታሁንን የመጀመሪያ ደብተር፣ በቀጥታ ክረምቱ ማብቂያ ላይ ገለጥኩ።

ነሐሴ 30 — 214 — ጨመረች 1
ጳጉሜን 1 — 217 — ጨመረች 3
ጳጉሜን 2 — 219 — ጨመረች 2
ጳጉሜን 3 — 224 — ጨመረች 5፣ ሩፋኤል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ
ጳጉሜን 4 — 227 — ጨመረች 3
ጳጉሜን 5 — 229 — ጨመረች 2
መስከረም 1 — 231 — ጨመረች 2

የኮምፒውተሩ የቀን መቁጠሪያ የፈረንጅ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ጸሐፊዎቹ ጳጉሜንን 13 ብለው ሲተይቡ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ጣለው። ጥቅምት ሠላሳንም ጥሎታል፤ የእሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ አይሞላማ። እኔም እለፋቸው ብዬ ፈረምኩለት። የመስመር ልዩነት ሲሰላ ቀድሞ የመጣው መስመር ነሐሴ ሠላሳ ሆነ፤ የስድስት ቀን ውሃ የአንድ ቀን መሰለ። መስመር ከመስመር ስቀንስ ቀንን ከቀን መቀነስ ትዝ አላለኝም። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነበር የሚበቃው።

ሕፃን ሳለሁ ጳጉሜን ሦስት ቀን የጎረቤት ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡ፣ እኛ ቤት ስለማይደረግ ተደብቄ ወጥቼ አብሬ እታጠብ ነበር። ርሼ ገብቼ እናቴ ቆንጥጣኛለች። ያንን ዝናብ በገላዬ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ የጣልኩት።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። «ሪፖርቱ ሄዷል» አሉ። «ስሌቱን አስተካክዪና ያለፈውን አትቆስቁሺ።» አሁን እሳቸውን መክሰስ ይቀለኛል። እውነቱን ስናገር ግን ያንን ሲሉኝ ደስ አለኝ። ስሌቱን በአንድ ከሰዓት አስተካከልኩ። አያ ፈንታሁን ጋ ለመሄድ ግን ሁለት ዓመት አልበቃኝም።

ሰበብ አላጣሁም። ዝናቡ ያቁም፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይለፍ፣ ጾሙ ይፈታ። ሚኒባስ ተሳፍሬ በዘንገና በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከሐይቁ በተቃራኒ ያለውን መስኮት እመርጣለሁ። አንድ ገበያ ቀን እንጅባራ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ቀርቀሃ ተሸክመዋል፣ ከስተዋል። እሸሻለሁ ብዬ ሳስብ እሳቸው ቆመው ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ።

«አናጢዋ፣ ደኅና ነሽ? መላጊያው እንዴት ይዞሻል?»

ነገር አልነበረበትም፤ እንደ ድሮው ነው የጠየቁኝ። «ደኅና ነው አያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቸኩዬ ነው» አልኩና ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ወዴት ነው ሲለኝ «ብቻ ንዳ» አልኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ እያሳደርኩት አያ ፈንታሁን አላደሩልኝም።

ባጃጁን አስቁሜ የወረድኩ ዕለት ቢሮ ገብቼ ካርቶኑን አነሳሁ፣ በማግሥቱ ለቅሶ ደረስኩ። እማማ ጥሩነሽ ጥቁር ነጠላ አድርገው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሳሙኝ። የመጣሁበትን ከመናገሬ በፊት ከራስጌያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ።

«ከቢሮ በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ» አሉ። «ይኼንን የሚያይልኝ ሰው ስፈልግ ነበር።»

ከስብሰባው ማግሥት ጀምሮ ነው። አያ ፈንታሁን ከቀርቀሃቸው አንዱን መርጠው፣ በጣት በጣት ልክ በቢላ አቁስለው፣ ከቤታቸው በታች ውሃው ዳር ተክለውታል። ጠዋት ጠዋት ከሚስታቸው ጋር ይወርዳሉ። እሳቸው እንደ ወትሮው ቆመው በዓይን ያነባሉ። እማማ ጥሩነሽ ፊደል አያውቁም፤ ስለዚህ ጎንበስ ብለው ከውሃው በላይ የቀረውን ቁስል በጣት እየዳሰሱ ይቆጥራሉ። ሁለቱም ደብተር ላይ ይገባል። አንዱ ዓምድ «ዓይን» ይላል፣ ሁለተኛው «ጣት»። ሦስተኛው «ልዩነት»።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያደርገው እል ነበር» አሉኝ። «ኋላ ጠየቅሁት። ‹ልጅቷ አይቻለሁ ብላለች፤ ደብተሩ ላይ ያለውን አይታ ነው የተናገረችው። እንግዲያ የደከመው የእኔ ዓይን ነው፣ የጻፍኩት ሌላ ያየሁት ሌላ ሆኗል› አለኝ። ዓይኑን ሊፈትን ነው።»

ደብተሩን ገለጥኩ። ዓይን 31፣ ጣት 31፣ ልዩነት የለም። ዓይን 30፣ ጣት 30፣ ልዩነት የለም። ገጽ በገጽ፣ ወር በወር፣ ጳጉሜንም አለችበት። ልዩነት የለም፣ ልዩነት የለም። በመጨረሻ የተጻፈው ከመሞታቸው አራት ቀን በፊት ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ሐይቁ ዳር ሲመላለሱ፣ እኔ በሌላው መስኮት ዛፍ እቆጥራለሁ።

«ዓይኑ ልክ ነበር?» አሉኝ እማማ ጥሩነሽ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እለፋቸው ያልኩትን፣ አይቼ ነው ያልኩትን፣ ካወቅሁ ሁለት ዓመት እንደሆነኝ። ሳላለቅስ ልናገር ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። እሳቸው አላለቀሱም። ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔስ ዓይኑ ልክ መሆኑን አውቅ ነበር» አሉ። «ያላወቀው እሱ ነው።»

ቆይተው «አርባው ላይ ነይ። ለሰዎቹ ንገሪያቸው። የድሮውንም ደብተር ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

አርባው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ቀሳውስቱ ጨርሰው፣ ሰው በልቶ፣ እማማ ጥሩነሽ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ተነሣሁ። ያንን አዳራሽ የሞላው ሰው ከሞላ ጎደል እዚያ ነው። አያ ፈንታሁን አንድም ቀን እንዳልገመቱ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ጳጉሜንን የጣልኳት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። በዚህኛው ድምፄ አላማረም። አያ ደሴ፣ ያ ቀልደኛው ሽማግሌ፣ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ።

«ይኼን የምትዪው አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?»

«አይቼ ነው» አልኩ።

«ያን ጊዜም አይቼ ነው ብለሽ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። የአያ ፈንታሁንን የመጀመሪያ ደብተር ዘረጋሁላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀበሉኝ፣ ክረምቱ ማብቂያ ላይ ገለጡት፣ ጣታቸውን እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ። «ጳጉሜን ሦስት፣ ጨመረች አምስት፣ ሩፋኤል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ» ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው «እውነት ነው፣ ያን ለት የእኔ ገብስ ተኝቶ ነበር» አለ። አያ ደሴ አንብበው ሲጨርሱ ደብተሩን ለረጅም ጊዜ ያዙት። «እኔም ያን ጊዜ ሳላየው ነው የሳቅሁት» አሉና አጠገባቸው ላለው አቀበሉ።

በእኔ ቃል የረካ ሰው አልነበረም። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ ያነበበም፣ ማንበብ የማይችልም እየገለጠ አየ። ድንኳኑን ዞሮ እኔ ጋ ሲመለስ፣ እኔም ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።